መሃል አዲስ አበባ ቤት ገዝቶ ለማከራየት፦ ኮንዶ፣ ያለቀ አፓርትመንት፣ ገና ያልተሰራ ወይስ ነባር ግቢ?

"ትንሽ ብር አለችኝ፣ መሃል ከተማ ቤት ገዝቼ ላከራያት፣ የቱ ይሻለኛል?" የሚል ጥያቄ እዚህ ከተማ ውስጥ የማይጠየቅ ሰው የለም፣ በተለይ ውጭ ሀገር ዘመድ ያለው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፣ "ግዛ ባክህ፣ ቤት አይከስርም"። ይከስራል እንጂ! ካርታው ሌላ ሰው ስም ላይ ያለ ቤት ይከስራል፣ አምስት አመት ሙሉ ኮለን ሆኖ የቆመ አፓርትመንት ይከስራል፣ ነገ በልማት ይነሳል ተብሎ የተከለለ ግቢ ይከስራል። ስለዚህ የካሬ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ካርታው በኔ ስም የሚሆነው መቼ ነው? ከኪራዩስ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጄ ላይ ሚቀረው ስንት ነው? እዚህ የምጽፈው በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አራቱን አማራጮች እያየን ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ለምሳሌ እንበል (ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትይዙት) ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ 8 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ፣ በወር 35 ሺህ አከራያችሁ። በአመት 420 ሺህ፣ ማለትም 5.25 ከመቶ። ደስ ይላል፣ ግን ገና ምንም አልተቀነሰም። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ይሁን፣ ቀለም ይቀባ፣ የሽንት ቤት ሲፎን ይቀየር፣ የማህበር መዋጮ ይከፈል፣ የኪራይ ገቢ ግብር ይከፈል (ለግለሰብ በደረጃ እየጨመረ እስከ 35 ከመቶ ይሄዳል)፣ በመጨረሻ 300 ሺህ ከቀረላችሁ ጎበዝ ናችሁ። 3.75 ከመቶ ማለት ነው። ባንክ ዝም ብሎ ቁጠባ ላይ የተቀመጠ ብር እንኳን ዝቅተኛው ወለድ 7 ከመቶ ነው፣ 560 ሺህ ብር፣ ያለ ተከራይ ያለ ቧንቧ ሰራተኛ ያለ ጭቅጭቅ።

ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? መልሱን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያየ ሰው አይረሳውም። ብር በገበያ ይወሰን ተባለና 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ 100 አለፈ። ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ቁጥሩ አልጎደለበትም፣ አቅሙ ግን ተሸረሸረ፤ ቤት የነበረው ሰው ደግሞ ቤቱ እዛው ቆሞ ዋጋው ከፍ አለለት። ስለዚህ እዚህ ከተማ ቤት የሚገዛው ለኪራዩ ተብሎ አደለም፣ ዋናው ነገር ብር ሲወርድ አብሮ የማይወርድ ነገር መያዝ ነው፣ ኪራዩ ምርቃት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ትርፍ እጃችሁ የሚገባው ስትሸጡ ነው፣ ለመሸጥ ደግሞ ንጹህ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ሙጭጭ የምለው ለዚህ ነው።

አንደኛ፦ ኮንዶሚኒየም

መሃል ከተማ ሲባል ልደታ፣ ግንፍሌ፣ ባልደራስ፣ ከ40/60ዎቹ ደግሞ ሰንጋ ተራ ይመጣሉ (20/80 እና 40/60 የመንግስት የቤት ፕሮግራሞች ናቸው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው የሚቆጥበው ከመቶኛ፣ ሁለተኛው የባንክ ብድሩ ነው)። የልደታዎቹ እና የመሳሰሉት የድሮ 20/80 ስለሆኑ የአምስት አመት የሽያጭ እገዳቸው ካለፈ ቆይቷል፣ በግልጽ ይሸጣሉ ይለወጣሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዳር ዳር ያሉት ሳይቶች ላይ ገና እገዳው ያላለቀ ቤት "በውክልና እና በኑዛዜ" ተብሎ ሲሸጥ ታያላችሁ፣ ዋጋውም ያጓጓል፤ እሱን ተዉት። ውክልና ሰጪው በማንኛውም ቀን ሊሽረው ይችላል፣ ቢሞት ደግሞ ውክልናውም አብሮት ይሞታል፣ ኑዛዜውን ልጆቹ ፍርድ ቤት ይዘውት ይቆማሉ፣ እናንተ ደግሞ ከፍላችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ኮንዶ ለማየት ስትሄዱ ደላላው እሁድ ጠዋት ነው ሚወስዳችሁ፣ ግቢው ጸጥ ብሎ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ። እናንተ ግን በስራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ተመልሳችሁ ሂዱና አራተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧውን ክፈቱት። ብዙ ቦታ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ በረንዳው ላይ ሮቶ ተቀምጦ ካያችሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ፣ ነገርየው ገብቷችኋል ማለት ነው። ሊፍት በሌለው ብሎክ ላይ አንደኛ እና ሁለተኛ ፎቅ ሁሌም ቶሎ ይከራያል፣ አራተኛው በርካሽ ይገዛል ግን በርካሽ ይከራያል፣ ተከራዩም ቶሎ ይሰለቻል። ሰንጋ ተራ ያሉት ከፍ ያሉ ህንጻዎች ሊፍት አላቸው፣ ስለዚህ እዛ ጥያቄው ሊፍቱ ይሰራል ወይ፣ ሲበላሽ ማነው ሚያሰራው ነው።

እሱ ጥያቄ ደግሞ ወደ ማህበሩ ይወስደናል። የኮንዶሚኒየም ማህበር ጠንካራ የሆነበት ብሎክ እና ደካማ የሆነበት ብሎክ፣ እዛው አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው፣ ሁለት የተለያየ ሀገር ይመስላሉ። ጥበቃውን አነጋግሩት። "ደሞዝህን በሰዓቱ ይከፍሉሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ከሱ የተሻለ ኦዲተር የለም። ደሞዙ ሶስት ወር ካደረ ማህበሩ ሞቷል፣ ፓምፕ ሲቃጠል ማንም አያሰራም፣ የደረጃው መብራት ጠፍቶ ይከርማል።

ወረቀቱ በኩል ኮንዶ ከአራቱም ቀላል ነው። ለየቤቱ የራሱ ካርታ አለው፣ ባንክ እዳ ካለ ንግድ ባንክ ሄዶ ይጣራል፣ እዳና እግድ ማጣሪያ (ቤቱ ላይ እዳም የፍርድ ቤት እገዳም እንደሌለ የሚያሳይ ወረቀት) ይወጣል፣ አለቀ። ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ የሽያጭ ውሉ የሚጸድቅበት መስሪያ ቤት። ሻጩ መጣ፣ ገዢው መጣ፣ ሲፒኦው (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ቼክ) ተዘጋጀ፣ ሰራተኛዋ ፋይሉን ገልጣ "የጋብቻ ሁኔታስ?" አለች። ሻጩ ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ ደሴ ነች፣ አልፈረመችም። በቤተሰብ ህጉ መሰረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም፣ ስለዚህ የዛን ቀን ስራ አበቃ። ያላገባ ከሆነ ያላገባበት ማስረጃ፣ የተፋታ ከሆነ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ሚስቱ የሞተችበት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ። ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ።

ወጪ ላይ ደግሞ የስም ማዛወሪያውን አትርሱ፣ አሹራ 4 ከመቶ፣ ቴምብር ቀረጥ 2 ከመቶ፣ ስድስት ከመቶ ማለት በላይኛው ሂሳባችን ከአንድ አመት ኪራይ በላይ ነው! ከዛ ደግሞ የደላላ አለ።

ሁለተኛ፦ ያለቀ አፓርትመንት

ካዛንቺስ፣ ቦሌ፣ ሳር ቤት አካባቢ ያሉት ናቸው። ጥሩ ጎናቸው ግልጽ ነው፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ ፓርኪንግ፣ ጥበቃ፣ ተከራዩም የተሻለ ነው። የአፍሪካ ህብረት ሳር ቤት ጎን፣ የተባበሩት መንግስታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ካዛንቺስ ስላሉ ፈርኒሽ አድርጎ የሚያከራይ ሰው ገበያ ያገኛል።

ግን ሶስት ነገር። አንደኛ ካሬው። "120 ካሬ" ሲሏችሁ ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ የሊፍቱን ቦታ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ሜትር ይዛችሁ ገብታችሁ ውስጡን ለኩት፣ ማንም ቢስቅ ይሳቅ። በሁለት ህንጻ መካከል የካሬ ዋጋ ስታወዳድሩ አንዱ ኮመን ኤሪያን ደምሮ ሌላው ሳይደምር ከሆነ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ ካርታው። ህንጻው በሙሉ አንድ ካርታ ይዞ አልሚው ስም ላይ ነው ወይስ ለየቤቱ ተከፋፍሎ ወጥቷል? የጋራ ህንጻ ቤት አዋጅ (370/1995) ከወጣ ዘመን ሆኖታል፣ ለየብቻ ካርታ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ሰው ገብቶ እየኖረበት ካርታው ያልወጣ ህንጻ ሞልቷል። "በሂደት ላይ ነው" የሚለውን መልስ እንደ "የለም" ቁጠሩት፣ ዋጋውንም እንደዛው ተደራደሩ። እዚህ ላይ በጣም ደረቅ ነኝ፣ አውቃለሁ።

ሶስተኛ ሰርቪስ ቻርጁ። ጄኔሬተር ናፍጣ ይጠጣል፣ ሊፍት ውል ያለው ጥገና ይፈልጋል። ወርሃዊውን መዋጮ ባለፈው አመት ስንት እንደነበር እና አሁን ስንት እንደሆነ ሁለቱንም ጠይቁ።

ፈርኒሽድ ስለሚባለው ነገር ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ሰው "በቀን ይሄን ያህል ሲባዛ በሰላሳ" እያለ ነው ሚያሰላው። የካቲት ላይ የህብረቱ ጉባኤ ሲመጣ ይሞላል፣ ሰርግ ሰሞን ዳያስፖራው ሲገባ ይሞላል፣ ሌላው ጊዜ ግን አልጋ ልብስ እያጠባችሁ፣ ዋይፋይ እየከፈላችሁ፣ ጽዳት እየከፈላችሁ ባዶ ይቀመጣል። የግማሽ አመት ሙላት ይዛችሁ አስሉ፣ በዛም የሚያዋጣ ከሆነ ግቡበት። ራሳችሁ አዲስ አበባ ካልሆናችሁ ደግሞ ይሄ ኢንቨስትመንት አደለም፣ ለወንድማችሁ የከፈታችሁለት ስራ ነው፣ እሱንም አውቃችሁ ካደረጋችሁት ቅዱስ ነገር ነው።

ሶስተኛ፦ በግንባታ ላይ ያለ

ማስታወቂያው ያምራል። 10 ከመቶ ዳውን ፔይመንት፣ ቀሪው በሶስት አመት፣ ስእሉ ላይ መዋኛ አለ። ዋጋው ካለቀው ስለሚቀንስ ሰው ይገባበታል። እኔ ለማከራየት ብሎ ለሚገዛ ሰው አልመክረውም፣ ምክንያቱም እስኪያልቅ ድረስ ኪራይ የለም፣ ካርታ የለም፣ መሸጥም ብትፈልጉ የምትሸጡት ውል ነው። በየወሩ የምትከፍሉት ብር በነዛ አመታት ሌላ ቦታ ሊሰራ ይችል የነበረ ብር ነው፣ ቅናሹን ከሱ ጋር አወዳድሩት።

ለማንኛውም የምትገቡ ከሆነ ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ። ዋጋው ቋሚ ነው ወይስ ከዶላር ምንዛሬ ጋር ይስተካከላል? ከ2016 ሐምሌ በኋላ ይቺ አንቀጽ የብዙ ሰው ወገብ ሰብራለች። የተጠራው ዋጋ 15 ከመቶ ቫቱን ይጨምራል አይጨምርም? አዲስ ህንጻ ላይ ቫት አለ፣ የቆየ መኖሪያ ቤት ላይ የለም፣ ስለዚህ አዲሱን ከኮንዶ ጋር ስታወዳድሩ ይቺን ካልደመራችሁ ተሸውዳችኋል። ርክክቡ ሴሚ ፊኒሽድ ነው ወይስ ሙሉ? ሴሚ ከሆነ ሴራሚክ፣ በር፣ ኪችን ካቢኔት፣ ሳኒተሪ ሁሉ የናንተ ነው፣ እሱ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ እቃ ስለሆነ በዶላር ይወጣል። መሬቱ ለባንክ በመያዣነት ተይዟል? ከዘገዩ ቅጣቱ ለማን ነው የተጻፈው፣ ለናንተ ብቻ ነው ወይስ ለነሱም?

ክፍያው ከግንባታው ደረጃ ጋር የታሰረ ውል ፈልጉ፣ "ሶስተኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ሲሞላ ይሄን ያህል" የሚል። በቀን መቁጠሪያ ብቻ ከሆነ እናንተ ትከፍላላችሁ ህንጻው ግን ቆሟል። ሳይቱንም በስራ ቀን ሂዱና እዩት፣ ሲሚንቶ እየተቦካ ነው ወይስ ዘበኛው ብቻ ነው ያለው?

አራተኛ፦ ነባር ግቢ

አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ቀበና፣ ጉለሌ፣ ጭቃ ቤትም ቢሆን 200 ካሬ ግቢ ያለው። ቪላውን ማከራየት፣ ጓሮ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች ለየብቻ ማከራየት፣ አቅም ሲገኝ ጂ ፕላስ ምናምን መስራት። ከአራቱ ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው ያለው፣ ትልቁ ሪስክም እዚህ።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር የሊዝ አዋጁ (721/2004) ነው። ነባር ይዞታ (ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ) በውርስ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ከመንግስት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደሚያዝ መሬት ይገባል። ሻጩ በአመት ጥቂት ብር የቦታ ኪራይ ሲከፍል የኖረበት ቦታ በናንተ ስም ሲሆን የሊዝ ክፍያ ይመጣል ማለት ነው። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 አመት ስለሆነ እሱ አያሳስብም፣ ክፍያው ግን ዋጋ ላይ መደመር አለበት። ወረዳ ሳይሆን ክፍለ ከተማ መሬት ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ።

ቀጥሎ ፕላኑ። ፒያሳን እና ካዛንቺስን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም፣ ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ አመታት የኖረ ሰፈር በሳምንታት ተነስቷል። በካሳ አዋጁ (1161/2011) የሚከፈለው የህንጻው መተኪያ ነው፣ ለመሬቱ ምትክ ቦታ ነው ሚሰጠው፣ ምትኩ ደግሞ አራት ኪሎ አይሆንም። እናንተ ግን ስትገዙ የከፈላችሁት ለአራት ኪሎነቱ ነው፣ ለጭቃው ግድግዳ አደለም! ስለዚህ የፕላን ስምምነት ሳታወጡ፣ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ መንገድ ይሁን አረንጓዴ ይሁን ቅይጥ መኖሪያ ሳታረጋግጡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። ጎረቤት "እዚህ አይደርስም" ስላለ አይሆንም።

ወራሾችም አሉ። የሟች አባት ስም ላይ ያለ ካርታ፣ ሰባት ልጆች፣ ሁለቱ አሜሪካ አንዷ ቤሩት፣ ሁሉም ካልፈረሙ ምንም የለም። አንዱ "እኔ እወክላቸዋለሁ" ካለ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀሱን እዩ።

የቀበሌ ቤት "ይሸጣል" ካላችሁ ሰው ሩጡ። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ቤቶች ናቸው፣ የሚኖርበት ሰው ተከራይ ነው፣ የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም።

ገዝታችሁ ስታበቁ፦ ማስተዳደሩ

እዚህ ላይ ነገሩ ከድሮው ተቀይሯል። በመጋቢት 2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (1320/2016) ውሉ በጽሁፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ሁለት አመት እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ክፍያው በባንክ ወይ በኤሌክትሮኒክ እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪ ደግሞ በአመት አንዴ መንግስት በሚያወጣው መጠን ነው። ድሮ ስድስት ወር ቀብድ ተቀብሎ በየስድስት ወሩ "ጨምር ወይ ውጣ" ማለት የለም።

ይሄ ለአከራይ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው ኪራይ እና የመጀመሪያው ተከራይ ከበፊቱ በጣም ይበልጥ ወሳኝ ሆኑ ማለት ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ሁለት አመት ዝቅ ብላችሁ ትኖራላችሁ። ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ 15 ሺህ ጽፎ በእጅ 30 ሺህ የሚቀበል ሰው አለ፤ ተከራዩ ተጣልቶ "ውሌ 15 ነው" ያለ ቀን ምንም መልስ የለውም፣ ጭማሪውም ከ15ቱ ላይ ነው የሚሰላው። በቴሌብር ወይም በባንክ ሙሉውን ተቀበሉ፣ ደረሰኙ ለናንተም መከላከያ ነው።

ተከራይ ስትመርጡ አምስት ሺህ ብር ጨምሮ የሚከፍለውን ሳይሆን የሚቆየውን። የቀድሞ አከራዩን ደውላችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያውን፣ የስራ ቦታውን እዩ። ስታስረክቡ የቆጣሪውን ንባብ፣ ቁልፉን፣ የመስታወቱን ሁኔታ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹና ለሱም ላኩለት፣ ሲወጣ "ይሄ ስብራት ነበረ" የሚባለው ክርክር እዛው ያልቃል።

የጣሪያና ግድግዳው ግብር ከፍ ብሏል፣ በ2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ወጥቷል፣ ስለዚህ አመታዊ ወጪያችሁ ውስጥ ለሱ የሚሆን ብር አስቀምጡ። ስትሸጡ የሚመጣውንም የትርፍ ግብር ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ራሳችሁ የኖራችሁበትና ያከራያችሁት ቤት እኩል ላይታይ ይችላል።

እንግዲህ ለማን የቱ

ደሞዝተኛ ከሆናችሁ፣ ያጠራቀማችሁት በእቁብም በምንም አንድ ቤት የሚገዛ ብቻ ከሆነ፣ ልደታ ወይም ግንፍሌ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ፎቅ ኮንዶ። አያኮራም፣ ግን ይከራያል፣ ይሸጣል፣ ሌሊት ያስተኛል። ብድር ላይ አትመኩ፣ ባንኮች የብድር ጣሪያ ተጥሎባቸው ስለቆዩ ለግለሰብ ቤት ብድር ማግኘት ወረፋው ረጅም ነው።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ ገቢያችሁ በዶላር ከሆነ፣ ለየቤቱ ካርታ የወጣለት ያለቀ አፓርትመንት፣ ፈርኒሽ ሳይሆን በባዶው ለሁለት አመት ተከራይ። ከውጭ ሆኖ ፈርኒሽድ ማስተዳደር ራስ ምታት ነው። የውጭ ዜጋ ፓስፖርት ካላችሁ ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን አድሱ፣ ምክንያቱም ለውጭ ዜጎች በ2017 የተፈቀደው አዋጅ ከ150 ሺህ ዶላር ጀምሮ ነው፣ በሱ በር መግባት አይጠበቅባችሁም።

ነባር ግቢ፣ ሁለት ሶስት አመት ኪራይ ባይመጣ የማይጨንቀው፣ ክፍለ ከተማ የሚመላለስለት ሰው ያለው፣ የመስሪያ ብር በጎን የያዘ ሰው ብቻ ይግባበት። ያልተሰራውን ደግሞ ለመኖር ለሚገዙት ልተውላቸው።

ቀብድን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሄር ህጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ከተወ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፍ ይመልሳል፣ ስለዚህ ትንሽ አድርጉት፣ እዳና እግድ ማጣሪያው ሳይወጣ አትስጡ፣ "ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል" ካላችሁ ደላላ ደግሞ ይምጣ በሉት።